ከዳ ናንግ እስከ ሁዌ በምን እንሂድ

ልጄ ሊያገባት የጠየቃት ልጅ ቪዬትናማዊት ናት። እሷ የተወለደችው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው፤ እናትና አባቷ ግን ሁዌ ከምትባል ከተማ መጥተው አሌክሳንድሪያ ቤት ይዘው መኖር ከጀመሩ ብዙ ዘመናቸው ነው። አባትየው የወለል ንጣፍ ሥራ አላቸው፤ እናትየው ፋርማሲ ውስጥ ይሠራሉ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ነኝ፤ እሱ አርሊንግተን ባለው አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ሁለታችን ቤተሰቦች ደጋግመን አብረን በልተናል፣ ተሳስቀናል። ክፉ አላየሁባቸውም። ክፉ አለማየቴ ግን ልቤን አላሳረፈውም። ባለቤቴ ስለ እኔ ሲያወራ፣ «ይቺ ሴት ሰላም ካሏትም ምን ፈልገው ነው ትላለች» ይላል። አልዋሸም።

ከሰርጉ በፊት ሁዌ ሄደን የልጅቷን አያት ማየት ነበረብን። አያትየው ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ አውሮፕላን ለእሳቸው የሚታሰብ አይደለም። በእነሱ ደንብ ሙሽራው ከነወላጆቹ ቀርቦ፣ በሞቱት የቤተሰቡ ሰዎች ምስል ፊት ጎንበስ ብሎ ልጅቷን በወጉ መጠየቅ አለበት። ነገሩ ከእኛ ሽምግልና ብዙም ስለማይርቅ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በመጋቢቱ ዕረፍት እንሂድ ተባባልን።

ከዚያ በኋላ ነው የአባትየው ቴክስት የመጣው። እንዲህ ይላል፦ «ዳ ናንግ አርፈን አንድ ሌሊት እናድራለን። በማግስቱ እኛ ጠዋት በመኪና እንቀድማለን። እናንተ ሦስታችሁ በባቡር ትመጣላችሁ። ባቡሩ ከተራራውና ከባሕሩ መካከል እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው፤ እንደሱ ያለ ውብ መንገድ የትም አታገኙም። በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው።»

ባለቤቴ ጮክ ብሎ አነበበውና «እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው! የምንቀመጥበትን ጎን እንኳን አልረሳም» አለ።

እኔ «እናንተ ሦስታችሁ» የምትለዋ ላይ ቀረሁ። ልጃቸውን ከእነሱ ጋር በመኪና፣ ልጄን ከእኛ ጋር በባቡር። ሊጋቡ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ለምን ይሄዳሉ?

«ለምን አብረን አንሄድም?» አልኩት ባለቤቴን።

«ቀድመው ቤቱን ሊያሰናዱ ይሆናላ። አንቺ ደግሞ!»

ያን ሳምንት ልጄ ለእራት መጣ። ላፕቶፑን ከሳህኑ አጠገብ ከፍቶ መንገዱን አሳየን። ከዳ ናንግ ተነስቶ ሁዌ ለመድረስ በመካከል አንድ ትልቅ ተራራ አለ፤ ሃይ ቫን ይሉታል። ባቡሩ በተራራው ወገብ ዞሮ ከባሕሩ በላይ ይሄዳል፤ ዘገምተኛ ነው። መኪና ሁለት ምርጫ አለው፤ አንደኛው ተራራውን በስቶ በሚያልፈው ዋሻ መሄድ ነው፤ በዚህ ቶሎ ይደረሳል፣ የሚታይ ነገር ግን የለም። ሁለተኛው አሮጌው መንገድ ነው፤ እየተጠማዘዘ እስከ አናቱ ይወጣል፣ ከዚያ ሁለቱም የባሕር ዳርቻ ከግራና ከቀኝ ይታያል። ባለቤቴ ጥምዝምዙን ባየ ጊዜ ወንበሩን አስጠግቶ፣ እጁ መሪ የያዘ ይመስል ትከሻው አብሮ ይዞር ጀመር።

«አሁን ይሄ ነው መንገድ ማለት» አለ።

ልጄ ሌላ ቪዲዮ ከፈተ። ወጣቶች በሞተር ሳይክል በዚያ ገደል አፋፍ ይበራሉ። «ማሚ፣ እኔና እሷ በሞተር ብንሄድስ? ኤቭሪባዲ እንደዛ ነው የሚያደርገው።»

«መጀመሪያ እኔን ቅበረኝና ከዚያ ሂድ» አልኩት። ሳቀና ቪዲዮውን ዘጋው። እኔ ግን የያዝኩትን አለቀቅኩም። «እሺ፣ ሞተሩ ይቅር። ለምን ሁላችንም በአንድ ባቡር አንሄድም?»

ልጄ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። «ዳድዋን ጠይቂው» አለኝ።

ጠየቅኋቸው። ለአባትየው ቴክስት ላክሁ፤ ባቡሩ ውብ ከሆነ ሁላችንም በባቡር እንሂድ አልኩ። ለሁላችን የሚበቃ አንድ ላይ የሆነ ወንበር አይገኝም ብለው መለሱልኝ። ልጄን ሳልጠራ ራሴ የባቡሩን ገጽ ከፈትኩት፤ ፉርጎው በሙሉ ባዶ ወንበር ነው። በማግስቱ እንደገና ጻፍኩ፤ እንግዲያው ሁላችንም በአንድ ቫን በመኪና እንሂድ አልኩ። ሻንጣው አይበቃም አሉ። ሁለት ቀን ቆይቼ፣ ሻንጣው በባቡር ይሂድ እኛ በመኪና አልኩ። ባለቤትዎን የተራራ መንገድ ሊያዞራቸው ይችላል፣ ለእናንተ ባቡሩ ይሻላል አሉ። ባለቤቴ! ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲያሽከረክር የሚውለውን ሰው።

እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ሲታይ ያስኬዳል። ለአንድ ጥያቄ ግን በየቀኑ አዲስ ምክንያት የሚያመጣ ሰው እውነተኛውን ምክንያት በእጁ ይዟል ማለት ነው። ለባለቤቴ እንዲህ ስለው፣ «ምንድን ነው የሚደብቁሽ? የባቡር ትኬት እኮ ነው» አለኝ።

ዕለተ እሑድ አሌክሳንድሪያ ምሳ ጠሩን። ቤታቸው እንደገባሁ ዓይኔ ሥራ ጀመረ። ግድግዳው ላይ የልጆቹ የቀለበት ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል፤ የእኔና የባለቤቴም ፎቶ ከጎኑ አለ። በዚህ ትንሽ አፈርኩ። ሾርባው ቀርቦ፣ እየበላን ሳለ የእናትየው ስልክ ጮኸ። ከሁዌ ነው፤ አያትየው በቪዲዮ። እናትየው ፊታቸው በርቶ አነሱት፤ ልጃቸው ከጎናቸው ተጠግታ ለአያቷ እጇን አውለበለበች። እኔ በዚያን ሰዓት ውሃ ልቀዳ ተነስቼ ከኋላቸው ላልፍ ነበር። አባትየው አዩኝ። ወዲያው በቋንቋቸው አንዲት ቃል ወረወሩ፤ እናትየው ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

እስካልፍ ድረስ ነው። ካለፍኩ በኋላ ስልኩ ተመልሶ ወደ ፊታቸው ሄደ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ከዚያ አቀረቀረች። እኔ ውሃውን ቀድቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሾርባው ጥሩ ነው አልኩ፤ ጣዕሙን ግን አላውቀውም።

ስንመለስ ባለቤቴ ይነዳል፤ ልጄን ከኋላችን ጭነነዋል። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ስንወጣ ወደ ልጄ ዞርኩ።

«ለአያቷ ስለ አንተ ምንድን ነው የተነገራቸው?» አልኩት።

«ማሚ፣ ፕሊስ።»

«ምን ተባሉ?»

«አሜሪካዊ ነው ተባሉ።»

«ነህ። ሌላስ?»

«ሌላ አልጠየቁም።»

«ፎቶህን አላዩም?»

«ኖ። ዓይናቸው ደካማ ነው፣ ደግሞ... ዳድዋ ራሱ ፊት ለፊት ሊነግራቸው ነው። መኪናው በዋሻው ሲሄድ ከባቡሩ ቀድሞ ይደርሳል። እኛ እስክንደርስ ጊዜ ያገኛል። አይ አግሪድ፣ ማሚ። ኢትስ ኦኬይ።»

ባለቤቴ መውጫችንን አለፈው። በሥራ ዘመኑ መውጫ ሲስት አይቼው አላውቅም። ዞሮ መልሶ አመጣን፤ ቤት ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን እንደያዘ፣ «እኔ ደግሞ አሳቢ ሰው ብዬ» አለ።

የተጠራጠርኩት ነገር እውነት ሲሆን ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር። አላለኝም። አባትየው ካደረጉት ይልቅ የልጄ «አግሪድ» የምትለዋ ቃል ናት አንጀቴን የበላችው። እዚህ አገር ያሳደግኩት ልጅ፣ እኔ የማላውቀው ስንት በር ላይ እንዲህ እየተስማማ ገብቶ ይሆን?

ሳምንቱን ታግሼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለማንም ሳልናገር ሜትሮ ተሳፈርኩ። ከቀዩ መስመር ወደ ቢጫው ተቀይሬ፣ ከጣቢያው እስከ ቤታቸው በእግሬ ሄድኩ። በሩን የከፈቱት አባትየው ናቸው። ጉልበታቸው ላይ መከላከያ አስረዋል፤ የራሳቸውን ኩሽና ወለል እያነጠፉ ነበር። ግማሹ ተነጥፏል፣ ግማሹ ሲሚንቶ ነው። አንድ ወንበር ጎትተው በተነጠፈው በኩል አስቀመጡልኝ፤ ራሳቸው ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን እሳቸውን ሳናግር በልቤ አንቱ ማለቴን ትቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልተውኩም።

«ባቡሩን ውብ ነው ያሉኝ ዘገምተኛ ስለሆነ ነው?» አልኳቸው።

ወዲያው ገባቸው። ጓንታቸውን አወለቁ። «ውብም ነው» አሉ። «ግን አዎ። ዘገምተኛ ስለሆነ ነው።»

«እናትዎ ልጄ ጥቁር መሆኑን አያውቁም።»

«አያውቁም።»

እንዲህ በቀጥታ ይመልሱልኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ታላቅ እህታቸው ከሌላ ሃይማኖት ሰው ስታገባ እናታቸው በር ዘግተውባት ነበር፤ እናትና ልጅ አንድ ከተማ እየኖሩ ለዓመታት አልተነጋገሩም። የታረቁት ልጅ ተወልዶ፣ ያ ልጅ በእግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። «እኔ በስልክ ብነግራት ስልኩን ትዘጋለች» አሉ። «ፊቷ ሆኜ፣ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ብነግራት ግን የምታባርረኝ አይመስለኝም። ትንሽ ሰዓት ብቻ ነው የፈለግኩት። ቀድሜ ደርሼ...»

«ካባረሩዎትስ?» አልኩ። «እኛ ያን ጊዜ ባቡር ላይ ነን። በቀኝ በኩል ተቀምጠን ባሕር እያየን። ልጄ አዲስ ሱፉን ለብሶ። ጣቢያ ስንደርስ ምን ሊሉን ነበር?»

ያንን አላሰቡትም፤ ወይም አስበውት እዚያ ላይ ሲደርሱ አቁመዋል።

«አሁን ይንገሯቸው» አልኩ። «እኔ እዚሁ ቤቴ አጠገብ እያለሁ እምቢ ይበሉኝ። እምቢታውን እችለዋለሁ። ልጄ ግን በር ላይ ቆሞ እንዲሰማው አልፈቅድም።»

እናትየው ደረጃው ላይ ቆመው ሰምተዋል ለካ። ወረዱ። ለባላቸው በቋንቋቸው አጭር ነገር ተናገሩ፤ አነጋገራቸው ብዙ ጊዜ የተናገሩት ነገር መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። እዚህ ሊመሽ ሲል እዚያ ይነጋል፤ አያትየው ደግሞ ከወፍ ጋር የሚነሱ ሰው ናቸው።

አባትየው ስልኩን ተቀበሉ። ባልዲው ላይ ነበሩ፤ ወርደው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። እናታቸው በስልኩ መስታወት ውስጥ ናቸው፤ ግንባራቸውና አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ንግግሩ አልገባኝም። የልጄን ስም ግን ሰማሁ፤ ኢትዮጵያ የምትለዋንም ሰማሁ። ተናግረው ሲያበቁ፣ አያትየው ስልኩን እንዳልዘጉት ያወቅኩት ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ስለሰማሁ ነው።

ቀጥሎ አባትየው ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። ተነስቼ ጎንበስ አልኩ፤ እንደ እኛ ነው ጎንበስ ያልኩት፣ ሌላ አላውቅም። አሮጊቷ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። ፊታቸው አልተፈታም፣ አልተቋጠረምም። ከዚያ ብዙ ተናገሩ። በመካከል ድምፃቸው ከፍ አለ፤ አባትየው አንገታቸውን ደፉ፤ ደግሞ ድምፁ ወረደ።

ሲያበቃ አባትየው ፊታቸውን በክንዳቸው ጠርገው፣ «ኑ አለች» አሉኝ።

ይኼ ሁሉ ንግግር «ኑ» ብቻ? አመሰግናለሁ ብዬ ተነሳሁ፤ ግን አላመንኩም። እናትየው በመኪና ወደ ሜትሮው ሲያደርሱኝ ጠየቅኋቸው። «እናት ነዎት። ያሉትን ሁሉ ይንገሩኝ።»

መኪናውን ጥግ አስይዘው አቆሙ። «መጀመሪያ፣ ከእኛ ሰው አጥታ ነው ወይ? አለች» አሉኝ። «ከዚያ፣ ሰፈሩ ምን ይለናል አለች። ከዚያ ባሌን ሰደበችው፤ ስላረጀሁ ነው የምታሞኘኝ አለችው። ከዚያ እርስዎን ካየች በኋላ፣ የልጁ እናት ራሷ ናት ቤታችሁ የመጣችው? ብላ ጠየቀች። አዎ አልናት። ራሷ ከመጣችማ ትምጣ አለች።»

እጃቸውን ያዝኩት። ያ የመጀመሪያው ነገር ሲነገረኝ ደስ አይልም። ግን ሳይቀነስ ስለነገሩኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኚህ ሴት የሚመጣ ወሬ ሁለቴ አልመረመርኩም።

ለልጄ በዚያው ማታ ነገርኩት። ተቆጣ። «ማሚ፣ አይ ሃድ ኢት ሃንድልድ! እኔ ይዤው ነበር!» አለኝ። ቆይቶ ከኩሽናው ሲወጣ ግን ትከሻዬ ላይ ጭንቅላቱን ጣል አደረገ፤ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ሰዎች ሲያስከፉት እንደዚያ ያደርግ ነበር።

የመጓጓዣው ነገር እንደገና ሲነሳ ማንም ከእኔ ጋር አልተከራከረም። አንድ ቫን፣ ሰባት ወንበር፣ ሁላችንም። በየትኛው መንገድ የሚለውን ባለቤቴ ይምረጥ አልኩ፤ ያለ ማመንታት በአሮጌው፣ በተራራው አለ። ልጆቹ ሞተሩን አንድ ጊዜ ብቻ አነሱት፤ አባትየው እኔን ቀድመው እምቢ አሉ።

መጋቢት ላይ ዳ ናንግ ደረስን። ጠዋት ቫኑ መጣ፤ ነጂው ወጣት ነው፣ ባለቤቴ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው በማርሽ ተግባቡ። መውጣት ጀመርን። በስተቀኝ ባሕሩ ከታች ብልጭ አለ፤ የወደብ ክሬኖች፣ ጀልባዎች። ከዚያ ጥቂት እንደወጣን ጉም ወረደ። ያንን ሁለቱ ባሕር የሚታይበትን አናት ስንደርስ የሚታየው ነገር ከቫኑ መስኮት እስከ እጄ ጫፍ ብቻ ነበር። ወርደን ቆምን። ልጅቷ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ለልጄ፣ «እዚያ ጋ ነው ባሕሩ» ብላ ነጭ ነገር ታሳየዋለች። አባትየው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። በጣም አዝነው፣ የእሳቸው ጥፋት ይመስል፣ «ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ልነግርዎት ነበር» አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ። በዚያ ጉም ውስጥ ሁለታችን እንደ ሞኝ ስንስቅ ባለቤቴ ፎቶ አነሳን፤ ፎቶው ላይ ከእኛ በቀር ምንም የለም።

በሌላኛው ወገን ስንወርድ ጉሙ ተገፎ ሐይቅ መስሎ ወደ ምድር የገባ ባሕርና ረጅም አሸዋ ታየ። ሁሉም ያንን ያያል። እኔ የማየው ግን የልጄን ማጅራት ነበር፤ ከፊቴ ተቀምጧል፣ ክራባቱን አሥር ጊዜ ያስተካክላል።

አያትየው በር ላይ ወንበር አስቀምጠው ጠበቁን። በጣም ትንሽ ሴት ናቸው። ልጄ ሲጎነበስ እጁን ይዘው ወደ ብርሃኑ ሳቡትና ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። የሆነ ነገር ተናገሩ፤ እናትየው ሳልጠይቃቸው፣ «ረጅም ነው አለች። ሌላ አላለችም» አሉኝ። ገባን። ልጄ በሟቾቹ ምስል ፊት ጎንበስ አለ፤ ባለቤቴ የተዘጋጀውን ንግግር በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጨረሰው። ከልጅቷ አጎቶች አንዱ ማዕዱ ላይ አልነበሩም። ሥራ ይዟቸው ነው ተባለ። ሦስት ቀን ስንቆይ ሥራው አለቀቃቸውም፤ እኔም ጥርጣሬዬን ይዤ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ አላየኋቸውም።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ ሜትር በአንገቷ አጥልቃ መጣችና ክንዴን ያዘች። ደነገጥኩ። «ምን ልታደርግ ነው?» አልኩ።

«የሙሽራው እናት የምትለብሰውን የሚያሰፋው የእኛ ቤት ነው» አሉኝ እናትየው።

አያትየው ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዩ ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ሰፊዋ ወገቤን ስትለካ ሁለት ጊዜ ተቆጧት፤ አታጥብቂባት ማለታቸው ነው አሉኝ እናትየው። ከዚያ ጨርቆቹን አስዘርግተው በጣታቸው አንድ በአንድ እያነሱ ቆዳዬ ላይ ያስጠጉ ጀመር። ቢጫውን ጣሉት። ቀዩንም ጣሉት። ጥቁር ሰማያዊው ላይ ሲደርሱ ክንዴ ላይ ጣል አድርገው፣ ራቅ ብለው አዩና ለሰፊዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን አልጠየቁኝም።